ሶፍትዌር የገዛ ሰው በእርግጥ የገዛው ምንድን ነው? የሶፍትዌር ፈቃድ መሠረታዊ ነጥቦች

በከተማ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ኮምፒዩተር ይገዛል፤ ሻጩም ፕሮግራሞቹን ጭኖ ያስረክበዋል። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የሒሳብ መዝገቡን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ያዛውራል፤ የሒሳብ ሠራተኛውም ከጓደኛው በፍላሽ ያመጣውን ፕሮግራም ይጭናል። አርሶ አደሩ በስልኩ መተግበሪያ ያወርዳል፤ «እስማማለሁ» የሚለውንም ሳያነብ ይጫናል። ሦስቱንም የሚያገናኛቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህን ሶፍትዌር የመጠቀም ፈቃድ አለ ወይስ የለም? ካለስ እስከ ምን ድረስ ነው?

ጥያቄው በሰላሙ ቀን አይነሳም። የሚነሳው የሒሳብ ፕሮግራሙ በዓመቱ መዝጊያ «ፈቃድዎ አብቅቷል» ብሎ ሲቆለፍ፣ የማኅበሩን የአባላት መዝገብ የሠራው ባለሙያ አገር ሲለቅ፣ ወይም ኮምፒዩተሩ በቫይረስ ተይዞ የዓመታት ፋይል ሲጠፋ ነው። ያን ጊዜ መፍትሔ መፈለግ ውድ ነው፤ ቀድሞ ማወቅ ግን ብዙ አያስከፍልም።

ባለቤትነትና የመጠቀም መብት

ሶፍትዌር ኮምፒዩተር፣ ስልክ ወይም ሌላ ማሽን ምን መሥራት እንዳለበት የሚነግር በጽሑፍ የተዘጋጀ የትእዛዝ ስብስብ ነው። ባለሙያው ትእዛዙን የሚጽፈው ሰው አንብቦ ሊረዳው በሚችል ቋንቋ ነው፤ ይህ ጽሑፍ የምንጭ ኮድ ይባላል። ጽሑፉ ማሽኑ ብቻ ወደሚረዳው ቅርጽ ከተለወጠ በኋላ ለተጠቃሚው ይደርሳል። በዚህ ምክንያት አብዛኛው ተጠቃሚ ፕሮግራሙን ቢያሠራውም ውስጡን ማየትና መለወጥ አይችልም።

የሶፍትዌር ፈቃድ፣ በተለምዶ ላይሰንስ የሚባለው፣ የሶፍትዌሩ ባለመብት ለተጠቃሚው «ይህን ማድረግ ትችላለህ፣ ይህን ማድረግ አትችልም» የሚልበት የውል ሰነድ ነው። ገንዘብ ከፍሎ ሶፍትዌር የወሰደ ሰው በአብዛኛው የሶፍትዌሩ ባለቤት አይሆንም፤ የሚያገኘው በተወሰነ ሁኔታ የመጠቀም መብት ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያ አርሶ አደር እንግዳ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አርሶ አደሩ በይዞታ ደብተሩ ያረጋገጠው የመጠቀም መብቱን ነው። ያርሳል፣ ያመርታል፣ ሕጉ በሚፈቅደው መጠን ያከራያል፣ ያወርሳል፤ መሬቱን ግን አይሸጥም። ሶፍትዌር የገዛ ሰውም እንዲሁ ባለይዞታ እንጂ ባለቤት አይደለም። ልዩነቱ የመሬት ይዞታ ወሰን በሕግ የተደነገገ ሲሆን፣ የሶፍትዌር ይዞታ ወሰን ግን በአብዛኛው ባለመብቱ በጻፈው የፈቃድ ውል ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው። ስለዚህ የአንዱ ሶፍትዌር ወሰን ከሌላው ይለያል፤ ውሉ ሳይነበብም አይታወቅም።

እዚህ ላይ አንድ የቃል መምታታት አለ። በስልክ ላይ አንድ መተግበሪያ ሲጫን «ካሜራህን ልጠቀም?»፣ «የስልክ ቁጥሮችህን ልይ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህም ፈቃድ ይባላል፤ ግን ተጠቃሚው ለመተግበሪያው የሚሰጠው ፈቃድ ነው። የሶፍትዌር ፈቃድ ግን በተቃራኒው ባለመብቱ ለተጠቃሚው የሚሰጠው ነው። ሁለቱም መነበብ ያለባቸው ቢሆኑም አንድ አይደሉም።

ፈቃድ የሚባለው ነገር ከየት መጣ?

በኮምፒዩተር መጀመሪያ ዘመን ሶፍትዌር ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ አልነበረም። ትላልቆቹ ማሽኖች ሲሸጡ ወይም ሲከራዩ ፕሮግራሞቹ አብረው ይሰጡ ነበር። እ.አ.አ በ1969 አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሶፍትዌሩንና አገልግሎቱን ከማሽኑ ለይቶ እንደሚያስከፍል አስታወቀ፤ ይህም ሶፍትዌር ራሱን የቻለ የንግድ ዕቃ እንዲሆን መንገድ ከፈተ። እ.አ.አ በ1976 ደግሞ ወጣቱ ቢል ጌትስ ለኮምፒዩተር ወዳጆች በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ ያለ ክፍያ ሶፍትዌር እያባዙ መጠቀም የጸሐፊዎቹን ድካም መስረቅ ነው ሲል ወቀሰ። እ.አ.አ በ1980 የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ የኮምፒዩተር ፕሮግራምን በግልጽ እንዲያካትት ተሻሻለ።

ሌላው ጎራ በዚያው ዘመን ተነሳ። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን ተጠቃሚው ፕሮግራሙን ማየት፣ ማስተካከልና ለጎረቤቱ ማካፈል መቻል አለበት ብሎ አመነ። እ.አ.አ በ1983 ግኑ የተባለውን የሶፍትዌር ሥራ ማስጀመሩን አስታወቀ፤ በ1989 ደግሞ ጂፒኤል በሚል ምሕፃር የሚታወቀው ፈቃድ የመጀመሪያ እትም ወጣ። እ.አ.አ በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ሊኑክስ የተባለውን የሥርዓተ ክወና እምብርት ለሕዝብ አቀረበ፤ በዓመቱም በዚሁ ፈቃድ ሥር አደረገው። ዛሬ በአብዛኛው ሰው እጅ የሚገኘው የአንድሮይድ ስልክ የሚሠራው በዚሁ እምብርት ላይ ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ ምን ይላል?

በኢትዮጵያ ሶፍትዌር የሚጠበቀው በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍና ከመሰል የፈጠራ ሥራዎች ጎን ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ፕሮግራም ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ማባዛትና ማሠራጨት፣ መጽሐፍን ወይም የዘፈን አልበምን ያለ ፈቃድ ከማባዛት የሚለይ ድርጊት አይደለም። የጥበቃው ዘመን በመርሕ ደረጃ የሥራው አመንጪ በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይዘልቃል። መብቱን ሆን ብሎ የጣሰ ሰው በፍትሐ ብሔር ካሣ ሊጠየቅ፣ በወንጀልም እስከ ጽኑ እሥራት ሊቀጣ ይችላል።

አዋጁ የተጠቃሚውንም ጥቅም አልዘነጋም። ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ ያገኘ ሰው ቅጂው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ የሚተካበት አንድ መጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጥ ይችላል። ያን መጠባበቂያ ግን ለጎረቤት ሱቅ መስጠት ወይም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተጨማሪ አድርጎ መጫን ሌላ ጉዳይ ነው። የአእምሯዊ ንብረት ጉዳዮችን በአገር ደረጃ የሚመራው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፤ በአገር ውስጥ ሶፍትዌር የሚሠሩ ወጣቶችም ሥራቸውን ማስመዝገብን በተመለከተ የሚያማክሩት ይህን ተቋም ነው።

ሕጉ የውጭ ኩባንያዎችን ብቻ የሚጠቅም የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን በአማርኛ የሒሳብ መዝገብ፣ የመጻፊያ ፕሮግራም ወይም የስልክ መተግበሪያ ሠርቶ የሚተዳደር የአገር ልጅም የሚኖረው በዚሁ ሕግ ጥላ ሥር ነው። አንድ ቅጂ ሸጦ ከተማው ሁሉ በፍላሽ ከተቀባበለው ሁለተኛውን እትም የሚሠራበት አቅም አይኖረውም።

የዝግ ፈቃድ ዓይነቶች

የምንጭ ኮዱ ለተጠቃሚው የማይገለጥ፣ የማባዛትና የመለወጥ መብቱም በባለመብቱ እጅ ብቻ የሚቆይ ሶፍትዌር ዝግ ፈቃድ ያለው ይባላል። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስና ኦፊስ፣ የአዶቢ ፎቶሾፕ፣ እንዲሁም በአገራችን በሒሳብ ሥራ በስፋት የሚታወቀው ፒችትሪ የዚህ ወገን ናቸው። በዚህ ወገን ውስጥም ፈቃዱ በተለያየ መልክ ይመጣል።

የመጀመሪያው የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው። ተጠቃሚው አንድ ጊዜ ከፍሎ ያንን እትም ያለ ጊዜ ገደብ ይጠቀማል፤ አዲስ እትም ሲወጣ ግን እንደገና መክፈል ሊኖርበት ይችላል።

ሁለተኛው የወር ወይም የዓመት ክፍያ ነው። እንደ ቤት ኪራይ ክፍያው ሲቋረጥ አገልግሎቱም ይቋረጣል። እዚህ ላይ የሚጠየቀው ዋና ጥያቄ «ክፍያ ሳቋርጥ መረጃዬን አውጥቼ መውሰድ እችላለሁ ወይ?» የሚለው ነው። ተከራይ ቤቱን ሲለቅ ዕቃውን ይዞ ይወጣል፤ የሶፍትዌር ተከራይ ግን ውሉን ካላነበበ ዕቃው ውስጥ ተቆልፎበት ሊቀር ይችላል።

ሦስተኛው ከማሽኑ ጋር ተያይዞ የሚመጣ ፈቃድ ነው። አምራቹ በላፕቶፑ ላይ የጫነው ዊንዶውስ በአብዛኛው ለዚያው ማሽን ብቻ የተሰጠ ነው። ማሽኑ ሲሸጥ ፈቃዱም አብሮ ይሄዳል፤ አውጥቶ ሌላ ማሽን ላይ መጫን ግን አይፈቀድም።

አራተኛው በሰው ወይም በማሽን ቁጥር የሚለካ ፈቃድ ነው። ለአንድ ኮምፒዩተር የተገዛውን በአምስት ላይ መጫን ያለ ፈቃድ ማባዛት ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ አሥር ኮምፒዩተር ያለው ማሠልጠኛ ወይም ቢሮ አሥር ፈቃድ ወይም ለአሥር የሚሆን አንድ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

አምስተኛው ያለ ክፍያ የሚሰጥ ግን ዝግ የሆነ ነው። አንዳንዱ ለ30 ቀን ሙከራ ብቻ ይፈቀዳል። አንዳንዱ ለቤት አገልግሎት ያለ ክፍያ ሆኖ ለንግድ ሥራ ግን ያስከፍላል። በቤቱ ሲጠቀምበት ሕጋዊ የነበረ ሰው ያንኑ ፕሮግራም ወደ ሱቁ ወስዶ ገንዘብ ሲሠራበት ከፈቃዱ ወሰን ሊወጣ ይችላል።

ከእነዚህ ጋር የሚምታታው ድጋፍ ነው። ፈቃድ የመጠቀም መብት ሲሆን ድጋፍ ደግሞ አምራቹ ስሕተቶችን እያረመ የሚልከው እድሳት ነው። ለምሳሌ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል። ይህ ማለት ፈቃዱ ተሰረዘ፣ ኮምፒዩተሩም ሥራ አቆመ ማለት አይደለም፤ የተራዘመ የደኅንነት እድሳት ያልወሰደ ማሽን ግን ከዚያ በኋላ ለሚገኙ የደኅንነት ቀዳዳዎች መጠገኛ አይደርሰውም ማለት ነው።

የክፍት ምንጭ ፈቃድ

ክፍት ምንጭ፣ በእንግሊዝኛው አጠራር ኦፕን ሶርስ፣ የሚባለው የሶፍትዌር ዓይነት የምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ነው። የዚህ ወገን ፈቃዶች በጥቅሉ አራት ነገር ይፈቅዳሉ፦ ፕሮግራሙን ለማንኛውም ዓላማ መጠቀም፣ አሠራሩን መመርመርና ማስተካከል፣ ቅጂውን ለሌላ ማካፈል፣ የተሻሻለውን ቅጂ ማሠራጨት።

«ነፃ» የሚለው የአማርኛ ቃል ያልተገዛ፣ ያልታሠረ ማለትም ይሆናል፤ ያለ ክፍያ ማለትም ይሆናል። የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነፃነት በመጀመሪያው ትርጉም ነው። ብዙውን ጊዜ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ይሁን እንጂ መሸጥም አይከለከልም። በአንጻሩ ያለ ክፍያ የተገኘ ሁሉ ነፃነት ያለው አይደለም።

ክፍት ምንጭ ማለት ሕግ የሌለው ማለትም አይደለም። ሁለት ዋና ዋና ቤተሰቦች አሉት። አንደኛው ቤተሰብ ላላ ያለ ነው፤ ኤምአይቲ፣ ቢኤስዲና አፓቼ የተባሉት ፈቃዶች በዚህ ይመደባሉ። ተጠቃሚው የአመንጪውን ስምና የፈቃዱን ጽሑፍ እስካስቀመጠ ድረስ ፕሮግራሙን ለውጦ በራሱ ዝግ ምርት ውስጥ ጭምር ሊያስገባው ይችላል። ሁለተኛው ቤተሰብ ጥብቅ ነው፤ ዋናው ተጠሪም ጂፒኤል ነው። በጂፒኤል የተለቀቀን ፕሮግራም ለውጦ ለሌሎች የሚያሠራጭ ሰው የለወጠውንም የምንጭ ኮድ በዚያው ፈቃድ መስጠት አለበት። ለራሱ ቢሮ ብቻ ለውጦ የሚጠቀም ግን ለውጡን እንዲያወጣ አይገደድም። እንደ ጋራ ግጦሽ ነው፤ ሁሉም ያሰማራበታል፣ ማንም ግን ቆርሶ ለብቻው አያጥረውም። ይህ ፈቃድ በፍርድ ቤትም ተፈትኗል፤ እ.አ.አ በ2004 በጀርመን ሙኒክ የሚገኝ ፍርድ ቤት የጂፒኤል ግዴታን ሳይፈጽም የኔትወርክ መሣሪያ የሸጠ ድርጅትን በተመለከተ ፈቃዱ ተፈጻሚነት እንዳለው ወስኗል።

በዕለት ተዕለት ኑሮ ክፍት ምንጭ ያልነካው ሰው ጥቂት ነው። ቪዲዮ ማጫወቻው ቪኤልሲ፣ የኢንተርኔት ማሰሻው ፋየርፎክስ፣ ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሥራ የሚያገለግለው ሊብሬኦፊስ ሁሉም የክፍት ምንጭ ናቸው። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ ለመሰብሰብ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የተሠራ የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። የፈቃድ ክፍያ የለውም፤ ሰርቨር፣ ሥልጠናና ባለሙያ ግን ገንዘብ ይጠይቃሉ። የፈቃድ ዋጋና አጠቃላይ ወጪ የተለያዩ መሆናቸውን ለመረዳት ጥሩ ምሳሌ ነው።

የፊደል ቅርጽም ፈቃድ አለው

ለጽሕፈትና ለኅትመት ቤቶች ቅርብ የሆነው ምሳሌ የግዕዝ ፊደል ነው። ኮምፒዩተር ላይ የሚጫን የፊደል ቅርጽ፣ ፎንት የሚባለው፣ ራሱ ሶፍትዌር ነው፤ የየራሱም ፈቃድ አለው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለው ፎንትና የጉግል ኖቶ ቤተሰብ የግዕዝ ፎንቶች ክፍት የፎንት ፈቃድ በሚባለው ሥር የተለቀቁ ናቸው። ይህ ፈቃድ ፎንቱን ለንግድ ሥራ መጠቀምን፣ ለሌላ መስጠትንና ማሻሻልን ይፈቅዳል፤ የሚከለክለው ፎንቱን ብቻውን አድርጎ መሸጥን ነው። በፎንቱ የታተመ የሠርግ ጥሪ፣ ባነር ወይም መጽሐፍ ግን ምንም ገደብ የለበትም። ሌሎች ፎንቶች ለግል ሥራ ብቻ የሚፈቀዱ ሊሆኑ ስለሚችሉ ማተሚያ ቤቶች ከመጠቀማቸው በፊት ማየት ይገባቸዋል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ያለፈ ትምህርት አለ። የግዕዝ ፊደል እ.አ.አ በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ ከመግባቱ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አሠራር ነበራቸው። በአንዱ የተጻፈ ሰነድ ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። ሰነዱ የጸሐፊው ነው፤ ለማንበብ ግን የሌላ ሰው ሶፍትዌር ያስፈልጋል። መረጃ በአንድ ፕሮግራም ብቻ በሚነበብ ቅርጽ መቀመጡ ባለቤቱን እንዴት ጥገኛ እንደሚያደርገው ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ትራክተርና ኮምባይነርም ሶፍትዌር አላቸው

የሶፍትዌር ፈቃድ የቢሮ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የአሜሪካ ገበሬዎች ታሪክ ይመሰክራል። ዘመናዊ ትራክተርና ኮምባይነር ሞተሩን፣ የነዳጅ አወሳሰዱንና የማጨጃ ክፍሉን የሚቆጣጠር ሶፍትዌር ተጭኖባቸዋል። ጆን ዲር የተባለው አምራች እ.አ.አ በ2015 አካባቢ ለአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ባቀረበው አስተያየት፣ ተሽከርካሪውን የገዛ ሰው በውስጡ ያለውን ሶፍትዌር በተመለከተ የሚኖረው መብት ማሽኑ እስካለ ድረስ የማሠራት ፈቃድ ነው ሲል ተከራከረ። ብረቱ የገበሬው፣ ሶፍትዌሩ የአምራቹ ማለት ነው።

በተግባር የተከተለው ችግር ጥገና ነው። አንዳንድ ብልሽቶችን ለመለየትና አዲስ የገጠመን ክፍል ሥራ ለማስጀመር የአምራቹ የመመርመሪያ ሶፍትዌር ያስፈልጋል። ያ ሶፍትዌር በተፈቀደለት ጥገና ቤት እጅ ብቻ ከሆነ ገበሬው በመኸር ወቅት ማሽኑን አቁሞ ባለሙያ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ዝናብ ባንዣበበበት ሰዓት የሁለት ቀን መዘግየት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አርሶ አደር መንገር አያስፈልግም።

ገበሬዎቹ ያነሱት የመጠገን መብት ጥያቄ ውጤት አምጥቷል። በ2015 ባለቤቱ ትራክተሩን ለመጠገን ሲል የሶፍትዌር ቁልፉን ቢያልፍ የቅጂ መብት ሕጉን እንደጣሰ እንዳይቆጠር የሚያደርግ ልዩ ሁኔታ ተፈቀደ። የኮሎራዶ ግዛት በ2023 የእርሻ መሣሪያ አምራቾች የጥገና መረጃና መሣሪያ ለገበሬዎችና ለግል ጠጋኞች እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች፤ ሕጉም ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በጥር 2025 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በአምራቹ ላይ ክስ መሠረተ፤ ዘመናቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኢትዮጵያም በጋራ ወይም በዩኒየን በኩል ትራክተርና ኮምባይነር የሚገዙ አርሶ አደሮች ከፈረስ ጉልበቱና ከዋጋው ጋር ሊጠይቁት የሚገባ ነገር አለ። የብልሽት መመርመሪያ ሶፍትዌሩ በአገር ውስጥ በማን እጅ ነው? በማንኛውም ሠልጣኝ መካኒክ ሊጠገን ይችላል? ፈቃዱ ማሽኑ ለሌላ ሲሸጥ ይተላለፋል? መልሱ ከመክፈል በፊት በጽሑፍ ቢገኝ ይመረጣል።

ያለ ፈቃድ የተባዛ ሶፍትዌር ምን ያስከትላል?

ቁልፉ ተሰብሮ የሚሠራጭ፣ በተለምዶ ክራክ የተደረገ የሚባል ሶፍትዌር በየሱቁና በቴሌግራም ይገኛል። የሚመረጠው በዋጋው ነው፤ ጉዳቱ ግን ከሕግ ጥያቄው ይሻገራል።

አንደኛ፣ ቁልፉን የሰበረው ሰው ማንነት አይታወቅም፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ምን እንደጨመረም አይታወቅም። ክራኩ እንዲሠራ የጸረ ቫይረስ ፕሮግራሙን መዝጋት የሚጠይቅ ከሆነ ቤቱን ለሌባ ከፍቶ እንደመተኛት ነው። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ እንዳይታደስ ተደርጎ ይጫናል። እ.አ.አ በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በ150 አገሮች ገደማ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮችን ሲያጠቃ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን እድሳት ለሚደግፋቸው እትሞች ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ነበር። የተጠቁት እድሳቱን ያልጫኑ ማሽኖች ነበሩ። ሦስተኛ፣ ችግር ሲፈጠር የሚጠየቅ አካል የለም፤ የማኅበሩ የአባላት ቁጠባ መዝገብ ቢጠፋ አቤት የሚባልበት በር አይኖርም።

የፈቃድ ዋጋ ለብዙ አነስተኛ ድርጅት ከባድ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ምርጫው ውድ ከሆነው ዝግ ሶፍትዌርና ከተሰበረው ቅጂ መካከል ብቻ አይደለም። ደብዳቤ ለሚጽፍ፣ ሠንጠረዥ ለሚሠራ፣ ቪዲዮ ለሚያጫውት ሥራ ሕጋዊና ያለ ክፍያ የሚገኝ የክፍት ምንጭ አማራጭ አለ። ለመልመድ ጥቂት ቀን ይጠይቅ ይሆናል፤ ሕጋዊ እድሳት ግን ያገኛል። በክፍያ የሚገዛውን ገንዘብ የግድ ለሚያስፈልገው ለአንዱ ወይም ለሁለቱ ፕሮግራም ማዋል ይቻላል።

ሶፍትዌር ለሚያሠሩ ማኅበራትና ድርጅቶች

ብዙ ዩኒየኖች፣ የብድርና ቁጠባ ማኅበራት፣ ትምህርት ቤቶችና ክሊኒኮች ለራሳቸው የሚሆን ፕሮግራም በባለሙያ ያሠራሉ። አለመግባባት የሚነሳው ከርክክብ በኋላ ነው፦ አሠሪው «ገንዘቤን ከፍያለሁ፣ የእኔ ነው» ይላል፤ ባለሙያው «የመጠቀም ፈቃድ ነው የሸጥኩት» ይላል። ሁለቱም በቅንነት ሊናገሩ ይችላሉ፤ ጥፋቱ ውሉ ላይ ያልተጻፈው ነው።

ስለዚህ ውሉ ቢያንስ አምስት ነገር በግልጽ ሊይዝ ይገባል። የሶፍትዌሩ ባለመብት ማን ነው? የምንጭ ኮዱ ለአሠሪው ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? ባለሙያው ያንኑ ሥራ ለሌላ ድርጅት መሸጥ ይችላል? እርማትና እድሳት ለስንት ጊዜ፣ በምን ክፍያ ይቀጥላል? ውሉ ሲቋረጥ የአባላቱና የሒሳቡ መረጃ በየትኛውም ፕሮግራም ሊነበብ በሚችል ቅርጽ ይመለሳል? ባለሙያው የክፍት ምንጭ ክፍሎችን ከተጠቀመም የትኞቹን፣ በየትኛው ፈቃድ እንደሆነ በዝርዝር ሊያስረክብ ይገባል።

ከመክፈል በፊት

ኮምፒዩተር፣ ሶፍትዌር ወይም ሶፍትዌር የተጫነበት ማሽን የሚገዛ ማንኛውም ሰው ሻጩን ጥቂት ጥያቄ መጠየቅ ይበቃዋል። የተጫነው ሶፍትዌር ፈቃድ አለው? ማስረጃው፣ ማለትም የምዝገባ ቁልፉና ደረሰኙ፣ አብሮ ይሰጣል? ፈቃዱ ለስንት ማሽን፣ ለስንት ጊዜ ነው? ለንግድ ሥራ ይፈቅዳል? እድሳቱስ እስከ መቼ ይመጣል?

ደረሰኙንና ቁልፉን ከይዞታ ደብተርና ከሌሎች ሰነዶች ጋር አንድ ቦታ ማስቀመጥ፣ የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ በየጊዜው በሌላ ዕቃ ላይ መያዝ፣ የረጅሙን ውል ሁሉ ማንበብ ባይቻል እንኳ ጊዜን፣ ቁጥርን፣ የንግድ አገልግሎትንና መረጃ ማስመለስን የሚመለከቱትን አንቀጾች የሚያውቅ ሰው እንዲያነብ ማድረግ ያስፈልጋል። መሬት የተከራየ ሰው ወሰኑን ሳይረግጥ፣ ዘመኑን ሳይስማማ ገንዘብ አይቆጥርም። ሶፍትዌር ሲወሰድም የሚያስፈልገው ያው ጥንቃቄ ነው።